ከኢንስትራክተርነት ወደ ኮርፖሬት ጄት፦ ቀኝ ወንበሩ እንዴት ይገኛል?

ማናሳስ_ሰማይ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ ኤርፖርት የበረራ አስተማሪ ነኝ። ኮሜርሻል መልቲ ኢንጂን (ባለ ብዙ ሞተር አውሮፕላን በክፍያ የማብረር ፈቃድ) እና ሲ.ኤፍ.አይ.አይ. (በመሣሪያ ብቻ መብረርን የማስተማር ፈቃድ) አለኝ። ጠቅላላ ሰዓቴ 1,080 ነው፤ ከዚህ ውስጥ መልቲ 62፣ ኢንስትሩመንት (በመሣሪያ ብቻ) 70፣ ሌሊት 85፣ ክሮስ ካንትሪ (ራቅ ብሎ የተበረረ) 310። ግሪን ካርድ ይዣለሁ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው።

ሐሳቤ አየር መንገድ ሳይሆን ኮርፖሬት ነው፤ የኩባንያና የባለሀብት ጄት ቀኝ ወንበር፣ ማለትም ረዳት አብራሪነት። ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። አንደኛ፣ የሲቴሽን ሲጄ (ትንሽ ጄት ነው) ታይፕ ሬቲንግ፣ ማለትም ያንን ሞዴል የማብረር ፈቃድ፣ በራሴ ገንዘብ ልያዝ ወይ? እሱን ይዘህ ካመለከትክ በር ይከፈታል የሚሉ አሉ። ሁለተኛ፣ እዚሁ ሜዳ ላይ አንድ የኪንግ ኤር 200 (ባለ ሁለት ሞተር ተርቦፕሮፕ) ባለቤት "ደመወዝ የለም፣ ግን ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሰዓት ሙላ" ብሎኛል። ሦስተኛ፣ ይህ ሥራ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም ይባላል፤ ታዲያ ሰው የት ነው የሚያመለክተው?

ጋሼ_ሃንጋር፦

ኮርፖሬት በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሦስት ዓይነት ሥራ ነው። ፓርት የሚባለው የአሜሪካ የበረራ ደንብ ክፍል ነው። ፓርት 91 ላይ ኩባንያው የራሱን አውሮፕላን ለራሱ ጉዳይ ያበራል፣ ወንበር አይሸጥም። ፓርት 135 ቻርተር ነው፤ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር መንገደኛን በክፍያ ይጭናል። ብዙ ባለቤቶች አውሮፕላናቸውን ለአስተዳዳሪ ድርጅት ሰጥተው በማይጠቀሙበት ቀን ያከራዩታል፤ ስለዚህ ያው አውሮፕላን ጠዋት በ91፣ ማታ በ135 ሲበር ታገኘዋለህ። ሦስተኛው ፍራክሽናል ነው፣ 91ኬ፤ እነ ኔትጄትስ፣ ፍሌክስጄት፣ ፕሌንሴንስ። ደንበኛው የአውሮፕላን ድርሻ ይገዛል። እነዚህ እንደ አየር መንገድ በድረ ገጻቸው በግልጽ ይቀጥራሉ። "ማስታወቂያ የለውም" የሚባለው በአብዛኛው የ91ን ሠፈር ነው።

አሁን ወደ ቁጥርህ። በ135 በኢንስትሩመንት ለሚደረግ በረራ ካፒቴን ለመሆን ደንብ 135.243 የሚጠይቀው 1,200 ጠቅላላ፣ 500 ክሮስ ካንትሪ፣ 100 ሌሊት እና 75 ኢንስትሩመንት ሰዓት ነው፤ ከ75ቱ ቢያንስ 50ው አየር ላይ የተሠራ መሆን አለበት። አንተ 120 ሰዓት ብቻ የቀረህ ይመስልሃል። የቀረህ 190 ክሮስ ካንትሪ ነው። ኢንስትራክተር ሁሉ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፤ ሜዳውን ሲዞር ሺህ ሰዓት ይሞላል፣ ራቅ ብሎ ግን አልሄደም። ከዛሬ ጀምሮ ትምህርቱ በፈቀደ ቁጥር ተማሪህን ሌላ ሜዳ አሳርፈህ መልሰው። የሌሊቱንም እዚያው ላይ ደርበው።

ሎግቡክህ ላይ ደግሞ ለክሮስ ካንትሪ ሁለት ዓምድ ክፈት። ለኤ.ቲ.ፒ. (ከፍተኛው የአብራሪነት ፈቃድ) የሚቆጠረው ከተነሣህበት ቦታ ቀጥታ ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ መራቅህ ነው፤ ማረፍ ግዴታ አይደለም። ለ135 ሌላ ሜዳ ላይ ማረፍ አለብህ፣ ርቀቱ ግን 50 ባይሞላም ይቆጠራል። በአንድ ዓምድ የደባለቀ ሰው ማመልከቻ ሲሞላ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ እየቆጠረ ያድራል።

ከላይ ያለው የካፒቴን ሰዓት ለፒስተን ሞተሩና እንደ ፒ.ሲ. 12 ላለው ባለ አንድ ተርባይን ነው። መንገደኛ የጫነ ጄት በ135 ካፒቴን ሆነህ ለማብረር ኤ.ቲ.ፒ. የግድ ነው። ከኤ.ቲ.ፒ. የጽሑፍ ፈተና በፊት ደግሞ ሲ.ቲ.ፒ. የሚባል ኮርስ አለ፤ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 10 ሰዓት ሲሙሌተር ላይ። ትልልቆቹ ቀጣሪዎች ይከፍሉታል፣ ትንሽ የቻርተር ቤት ላይከፍል ይችላል፤ ስትቀጠር ጠይቅ። ለረዳት አብራሪነት ግን ኮሜርሻልና ኢንስትሩመንት ይበቃል። በሕግ ደረጃ ዛሬውኑ የጄት ቀኝ ወንበር ላይ መቀመጥ ትችላለህ።

በሕግ ደረጃ አልኩህ እንጂ፣ የሚያግድህ ኤፍ.ኤ.ኤ. (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን) ሳይሆን ኢንሹራንሱ ነው። ውሉ ላይ ሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዱ፣ ጠቅላላ ይህን ያህል፣ መልቲ ይህን ያህል፣ በዚያው ሞዴል ይህን ያህል ሰዓት ያለው ማንም ያብር የሚል ነው፤ አንተ 62 መልቲ ይዘህ እዚያ አትደርስም። ሌላው በስም የሚጸድቅ አብራሪ ነው። ለዚያ ቺፍ ፓይለቱ (የአብራሪዎቹ አለቃ) ለኢንሹራንስ ደላላው ደውሎ "ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ" ማለት አለበት። ደላላው ዋጋውንና ቅድመ ሁኔታውን ይዞ ይመለሳል፦ ሲሙሌተር ትምህርት ቤት ይግባ፣ ይህን ያህል ሰዓት ከካፒቴን ጋር ይብረር፣ በየ12 ወሩ ይደገም። ስለዚህ ፍለጋህ ያንን ስልክ የሚያነሣልህን ሰው ነው።

ታይፕ ሬቲንጉን አትግዛ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥተህ በዚያ ሞዴል ዜሮ ሰዓት ይዘህ ትወጣለህ፤ ዜሮ ሰዓት ደግሞ ለኢንሹራንሱ ምንም አይነግረውም። ዓመት ካለፈው ድጋሚ ሲሙሌተር ግባ ይሉሃል፣ ድጋሚ ትከፍላለህ። በአሜሪካ ሰማይ ውስጥ ብቻ ለሚበር ረዳት አብራሪ ታይፕ ሬቲንግ ጨርሶ አይጠየቅም፤ በ61.55 መሠረት የአውሮፕላኑን ሥርዓቶች መማር፣ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ማረፍ፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚሠራውን መለማመድ ነው። ወደ ባሃማስ፣ ሜክሲኮ ወይም ካናዳ ስትሻገር የረዳት አብራሪ ታይፕ ያስፈልግሃል። እሱም ከዚያው ሥልጠና በኋላ ያለ ቼክራይድ (የበረራ ፈተና) የሚገኝ ወረቀት ነው።

ሎግቡክ_ጠባቂ፦

ጋሼ የነካካውን አልደግምም፣ ኪንግ ኤሩ ላይ ልቆይ። ብዙ ልጆች 300 እና 400 ሰዓት ከንቱ የሚያደርጉት እዚህ ስለሆነ።

ኪንግ ኤር 200 በአንድ አብራሪ እንዲበር የተፈቀደ ነው። በ61.51 መሠረት የረዳት አብራሪ ሰዓት የሚመዘገበው የአውሮፕላኑ ሰርተፍኬት ወይም በረራው የሚመራበት ደንብ ሁለት አብራሪ የግድ ሲል ብቻ ነው። ባለቤቱ ሁለት ሰው ስለፈለገ፣ ወይም ኢንሹራንሱ ሁለት ስላለ፣ አይቆጠርም። በፓርት 91 ቀኝ ወንበር ላይ ሬዲዮ ስታነሣና ጊር ስትሰበስብ የዋልክበት ሰዓት ሎግቡክ ላይ ዜሮ ነው። ኤስ.አይ.ሲ. (ረዳት አብራሪ) ብለህ ከጻፍከው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ቺፍ ፓይለቱ "ኪንግ ኤር 200፣ ፓርት 91፣ 280 ሰዓት ኤስ.አይ.ሲ." የሚለውን ሲያይ ሌላውንም ገጽ መጠራጠር ይጀምራል።

ታዲያ ምን ይቆጠራል? መሪውን አንተ ብቻ ይዘህ ያበረርክበት ጊዜ። 200ው የመነሻ ክብደት ጣሪያው 12,500 ፓውንድ ስለሆነ ታይፕ ሬቲንግ አይጠይቅም፤ መልቲ ኢንጂን ሬቲንግህ በቂ ነው፣ ያንን ጊዜ ፒ.አይ.ሲ. (የካፒቴን ሰዓት) ብለህ መመዝገብ ትችላለህ። መመዝገብና በሕግ ካፒቴን መሆን ግን ሁለት ነገር ናቸው። ካፒቴን ለመሆን የኮምፕሌክስ፣ የሃይ ፐርፎርማንስ እና የከፍተኛ ከፍታ ማረጋገጫ ፊርማ ያስፈልግሃል። እነዚህን ቀድመህ አስፈርም፣ ርካሽ ናቸው። ኪንግ ኤር 350 ከሆነ ወሬው ይለወጣል፤ 15,000 ፓውንድ ስለሆነ ታይፕ ይጠይቃል፣ ያለ ታይፕ መሪውን ብትይዝም ፒ.አይ.ሲ. አትመዘግብም።

ሲጄም ያው ወጥመድ አለው። ካፒቴኑ ታይፑን የያዘው በነጠላ አብራሪነት ከሆነ፣ በ91 አንተ ተሳፋሪ ነህ። "ረዳት አብራሪ ያስፈልገዋል" የሚል ገደብ ሰርተፍኬቱ ላይ ካለ ግን አንተ ግዴታ ስለሆንክ ሰዓትህ ይቆጠራል። ከመግባትህ በፊት የካፒቴኑን ሰርተፍኬት ጀርባ ማየት ነውር የለውም። እንደ ሲቴሽን ኤክሴል፣ ሆከር 800፣ ቻሌንጀር፣ ፋልከን ያሉት ሁለት አብራሪ የግድ የሚሉ ስለሆኑ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ንጹሕ መንገድ የምትፈልግ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 135 ኦፕሬተሮች የረዳት አብራሪ ማሳደጊያ ፕሮግራም ማስፈቀድ ይችላሉ፤ ኤፍ.ኤ.ኤ. ለኦፕሬተሩ በሚሰጠው ሰነድ፣ በኦፕስፔክ ኤ062 የሚወጣ ፈቃድ ነው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አውሮፕላኑ በአንድ አብራሪ የሚበር ቢሆንም የቀኝ ወንበሩ ሰዓት ሕጋዊ ነው። አውሮፕላኑ መልቲ ኢንጂን ወይም ባለ አንድ ተርባይን መሆን አለበት፤ ካራቫንና ፒ.ሲ. 12 ይገባሉ። ካፒቴኑም ሎግቡክህ ላይ ይፈርማል። ስለዚህ የቻርተር ቤት ስታናግር "ኤ062 አላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። መልሱ "ምንድነው እሱ?" ከሆነ የላቸውም።

አንድ የቀረ አለ። ባለቤቱ ጓደኞቹን እየጫነ "የነዳጅ" የሚል ገንዘብ ከተቀበለ ያ 91 አይደለም፣ ፈቃድ የሌለው ቻርተር ነው። ሠፈሩ ውስጥ "ፓርት 134 ተኩል" እያሉ ይቀልዱበታል። ኤፍ.ኤ.ኤ. ሲደርስበት ግን ፓይለቱ "አላወቅሁም" ቢል አይሰማም፤ ላይሰንሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከኋላ የተቀመጡት እነማን ናቸው፣ ማን ከፈለ፣ ይህን ሳታውቅ አትነሣ።

ቪዛና_ክንፍ፦

ስለ ግሪን ካርዱ አጭር ነገር። ዜጋ ካልሆንክ፣ ግሪን ካርድ ቢኖርህም፣ ከ12,500 ፓውንድ በላይ ለሆነ አውሮፕላን ሥልጠና ከመጀመርህ በፊት የቲ.ኤስ.ኤ.ን (የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱን) የበረራ ሥልጠና ማጣሪያ ማለፍ አለብህ። በመደበኛው መንገድ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል። ቀጣሪ "በሚቀጥለው ሳምንት ሲሙሌተር ቦታ ተገኝቷል" ሲል አንተ ፈቃድ የምትጠብቅ ከሆነ ወንበሩ ለሌላ ይሄዳል። በ2024 በወጣው ደንብ ማጣሪያው እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የኢንስትሩመንት ወይም የመልቲ ሥልጠና ስትወስድ ያለፍከው ጊዜው አልፎ እንደሆነ ዛሬውኑ አረጋግጥ።

ፓስፖርቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያውኑ ንገራቸው። አውሮፕላኑ አውሮፓ የሚመላለስ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ጉዳይ ይነሣል፤ ለአውሮፕላን ሠራተኛ የሚደረገው አስተያየት እንደ አገሩ ይለያያል። አገር ውስጥ ብቻ ለሚበር ቤት ይህ ሁሉ አያሳስብም።

ማናሳስ_ሰማይ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ሁላችሁም። ታይፑን ተውኩት። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን ቀረ፤ እንዴት ነው ሰው የሚቀርበው? ሃንጋር በር አንኳኩቶ "ሥራ አላችሁ?" ማለት ያሳፍራል እኮ።

ቀኝ_ወንበር፦

አያሳፍርም፤ ጊዜውን ካወቅክ። ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት አትሂድ፣ አውሮፕላን የሚወጣበትና የሚገባበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋድ ላይ ሂድ። ወረቀቱን እንግዳ ተቀባይ ጋ ትተህ አትምጣ፤ የቺፍ ፓይለቱን ስም ጠይቀህ ተመለስ። አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ ከኤፍ.ኤ.ኤ. መዝገብ ለማወቅ አትድከም፤ አብዛኛው በትረስት ወይም በማይታወቅ ኩባንያ ስም ነው የተመዘገበው። የሚያውቁት ነዳጅ የሚሞሉት የኤፍ.ቢ.ኦ. (የግል አውሮፕላን ማስተናገጃ) ልጆችና መካኒኮቹ ናቸው። ማን እንደለቀቀ፣ ማን አውሮፕላን እንደሚቀይር ከማንም በፊት ይሰማሉ። የኤን.ቢ.ኤ.ኤ. (የቢዝነስ አቪዬሽን ማኅበሩ) አንድ ቀን የሚፈጁ ክልላዊ ስብሰባዎችም ከዓመታዊው ትልቅ ጉባኤ ይልቅ ላንተ ይጠቅማሉ፤ ሰው ቆሞ ያናግርሃል።

ሲቪህ አንድ ገጽ። አናቱ ላይ ሰዓቶችህ፦ ጠቅላላ፣ ፒ.አይ.ሲ.፣ መልቲ፣ ተርባይን፣ ኢንስትሩመንት፣ ሌሊት። ቀጥሎ ሜዲካልህ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ። ከሃንጋሩ በስንት ደቂቃ ርቀት እንደምትኖር ጻፍ፤ አየር መንገድ ይህ ግድ አይሰጠውም፣ ለ91 ቤት ግን ድንገት ሲጠራህ የምትደርስበት ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። የዋሽንግተንን ልዩ የበረራ ቀጣና በየቀኑ እየገባህ እየወጣህ ማስተማርህንም አትርሳ። በየስድስት ሳምንቱ አዲሱን ሰዓትህን በሁለት መስመር ላክ፣ ከዚያ በላይ አትነዝንዝ።

ቼክራይድ ወድቀህ ከሆነ አትደብቅ። 135 እና ፍራክሽናል ቤቶች አብራሪ ከመቅጠራቸው በፊት ፒ.አር.ዲ. የሚባለውን የአብራሪዎች መዝገብ የማየት ግዴታ አለባቸው፤ የወደቅክበት ፈተና እዚያ ይታያል። መውደቁ ሳይሆን መደበቁ ነው የሚያስቀርህ።

ጥያቄዎቹ የሚመስሉት እንዲህ ነው፦ "አውሮፕላናችን በአፈጻጸም ሰንጠረዡ 3,000 ጫማ ላይ ይቆማል። በ135 ስንት ጫማ ሜዳ ያስፈልገናል?" ጄቱ በሜዳው 60 በመቶ ውስጥ መቆም ስላለበት 5,000 ነው። ሜዳው እርጥብ እንደሚሆን ትንበያው ከተናገረ በዚያ ላይ 15 በመቶ ጨምረህ 5,750። ሌላው የሚወዱት የኦክስጅን ጥያቄ ነው፤ አንዱ አብራሪ ወንበሩን ሲለቅ ሌላው ጭምብል የሚያጠልቀው በ91 ከ35,000 ጫማ በላይ፣ በ135 ከ25,000 በላይ ነው።

ከገባህ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ስህተት አየር ላይ ሳይሆን ራምፕ (አውሮፕላን ማቆሚያው) ላይ ነው። ነዳጅ ላይ ተጠንቀቅ። አብራሪው በፓውንድ ያስባል፣ ቦቴው በጋሎን ይቀዳል፤ ጄት ኤ በጋሎን 6.7 ፓውንድ ገደማ ነው። "200 ጨምር" ብቻ ካልክ ጠቅላላ ይሁን በየክንፉ አይታወቅም። "በየጎኑ 200 ጋሎን" በል፤ በየጎኑ 1,340 ፓውንድ መሆኑ ነው፤ ከዚያ ደረሰኙን ከጌጁ ጋር አስተያየው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመህ ድረስ። በረዶ፣ ቡና፣ ጋዜጣ፣ ምግቡ በትክክለኛው ስም መምጣቱ፣ ሽንት ቤቱ መጽዳቱ ሁሉ ያንተ ነው። የአፍንጫው ሻንጣ በር መቆለፉን በእጅህ ነካ። የሞተርና የፒቶ መሸፈኛዎችን ቁጠር፤ አራት ካወለቅክ አራቱም ሻንጣ ክፍል ውስጥ ይሁኑ። "ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት?" የሚል ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሐቁን_ልንገርህ፦

ሁላችሁም መግቢያውን ነገራችሁት፣ ውስጡንም ይወቀው። 135 ላይ ሁለት አብራሪ ባለበት መደበኛ ምደባ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 የበረራ ሰዓት አያልፍም፣ ቢያንስ 10 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት አለ፣ በሩብ ዓመት ቢያንስ 13 ጊዜ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። በተራው ፓርት 91 ከዚህ አንዱም የለም። ካምፓኒው ራሱ ካልጻፈው በቀር ባለቤቱ እራቱን እስኪጨርስ ትጠብቅና እኩለ ሌሊት ትነሣለህ። ስለዚህ በወር ስንት ቀን ስልክ የማይደወልበት የተረጋገጠ ዕረፍት እንዳለ፣ የሥልጠና ውሉ ስንት ወር እንደሚያስር፣ ብትለቅ ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ መሄዱን ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ መሆኑን፣ አውሮፕላኑ ለሽያጭ መቅረቡን ጠይቅ። አውሮፕላኑ ከተሸጠ ሥራህም አብሮ ይሸጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ቼክሊስት እንዴት እንደሚነበብ እይ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31፣ 2014 ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ ላይ አንድ ጋልፍስትሪም 4 የመቆጣጠሪያ መቆለፊያው ሳይፈታ ለመነሣት ሲሞክር ከሜዳው ወጥቶ 7ቱም ሰዎች አለቁ። ኤን.ቲ.ኤስ.ቢ. (የአደጋ መርማሪው መሥሪያ ቤት) መረጃውን ሲመረምር፣ ካለፉት 175 መነሣቶች በ98 በመቶው የመቆጣጠሪያ ፍተሻው በሙሉ አልተደረገም ነበር። ለዓመታት አብረው የበረሩ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ትንሽ የበረራ ክፍል ውስጥ ልማድ እንዲህ ነው የሚጠነክረው፤ ከውጭ የሚያይ የለም። ለሙከራ በረራ ከወሰዱህ ቼክሊስቱ ጮክ ብሎ መነበቡን አዳምጥ።

ማናሳስ_ሰማይ፦

አንድ የመጨረሻ። የኪንግ ኤሩ ሰውዬ አሁን "ባዶ ስንመለስ አንተ አብርር" ብሎኛል። በፓርት 91 ብቻ ነው የሚበረው፣ መንገደኛው ቤተሰቡ ነው። አሁንስ?

ሎግቡክ_ጠባቂ፦

አሁን ይቆጠራል፤ መሪው በእጅህ ያለበት ደቂቃ ብቻ ግን። ከመጀመሪያው በረራ በፊት የኢንሹራንሱን ውል ጠይቅ። ስምህ በጸደቁት አብራሪዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ ያ የሚጠብቀው ባለቤቱን ነው። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ለእሱ ከፍሎ ገንዘቡን ከአንተ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። አንተም እንደ ተጨማሪ መድን ገቢ እንድትጻፍና ኢንሹራንሱ በአንተ ላይ የመክሰስ መብቱን እንደማይጠቀም በጽሑፍ እንዲሰጥ ለደላላው ይደውልልህ።

ባዶ በረራን ደግሞ አትናቅ። እ.ኤ.አ. ሜይ 15፣ 2017 ከፊላዴልፊያ ባዶውን ወደ ቴተርቦሮ ሲመለስ የወደቀው ሊርጄት 35ኤ መሪው በረዳት አብራሪው እጅ ነበር፤ በኩባንያው ደረጃ አሰጣጥ ግን እሱ እንዲያበር አልተፈቀደለትም። ወደ ማኮብኮቢያ 6 ተጠግቶ ወደ ማኮብኮቢያ 1 መዞር ያለበት አቀራረብ ነበር፤ የዘገየውን መዞር ለማስተካከል ሲሞክሩ አውሮፕላኑ ስቶል አድርጎ (ክንፉ መሸከም አቅቶት) ሁለቱም ሞቱ። ስለዚህ ካፒቴኑ ጋር መሬት ላይ ተነጋገሩ፦ ነፋሱ ስንት ሲደርስ መሪውን ይረከባል፣ ከ500 ጫማ በታች ያልተስተካከለ አቀራረብ ላይ "ጎ አራውንድ" (ማረፉን ትተን እንደገና እንነሣ) የሚለው ማን ነው፣ ርክክቡ በምን ቃል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት በረራዎች ቀን፣ ጥርት ባለ አየር፣ 5,000 ጫማና ከዚያ በላይ ሜዳ ላይ አድርጉት። ፊርማዎቹን ከዚያ በፊት አስጨርስ።

ማናሳስ_ሰማይ፦

ሐሙስ ደላላውን እንደውላለን ብሎኛል። የከፍተኛ ከፍታውን ፊርማ እዚሁ ትምህርት ቤታችን ያለ ሰው ይሰጠኛል። ክሮስ ካንትሪ ዓምዱን ግን ማታ ቁጭ ብዬ ለሁለት ከፈልኩት፤ ለ135 የሚቆጠረው 310 ሳይሆን 356 ሆኖ አገኘሁት።